የዶቅማ ዳኞች

ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ዳር ላይ፣ ዶቅማ አፋፍ የሚሉት ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ምንጩን ከበው ከቆሙት ሰባት ያረጁ የዶቅማ ዛፎች ነው። ዶቅማ፣ ለማያውቃት ሰው፣ የጣት ጫፍ የምታህል የዱር ፍሬ ናት፤ ጥሬ ስትሆን አረንጓዴ፣ ስትበስል ከወይን ጠጅ ቀለም አልፋ ወደ ጥቁር የምትሄድ፣ ሥጋዋ ስስ፣ ዘሯ ትልቅ፣ መጀመሪያ ጣፍጣ ኋላ ላይ አፍ የምትይዝ። ገበያ ወጥታ አታውቅም፤ ከተማ ያደገ ሰው ስሟን እንኳ አልሰማ ይሆናል። የሚያውቋት ግን አንድ ክፉ ጠባይ እንዳላት ያውቃሉ፤ የበላትን ሰው ታጋልጣለች። ምላሱንና ከንፈሩን ታጠቁርበታለች፤ ያም ቀለም በውሃ ቢጉመጠመጡት፣ በአመድ ቢፍቁት እስከ ማግስቱ አይለቅም።

በዚህ ሰፈር ሽማግሌዎች ለፍርድ ሲቀመጡ እንደ ሌላው አገር በቀጥታ ወደ ክርክሩ አይገቡም። ከሳሽና ተከሳሽ ከቆሙ በኋላ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት ቅል ይዛ ትነሳለች፤ ከቅሉ ዶቅማ እያወጣችም በየዳኛው አፍ በገዛ እጇ ታጎርሳለች። ዳኞቹ አኝከው ከዋጡ በኋላ አንድ በአንድ ወደ ተከሳሹ ዞረው ምላሳቸውን አውጥተው ያሳያሉ። ወቅቱ የዶቅማ ካልሆነ የደረቀው በውሃ ርሶ ይቀርባል። ምላሱ ያልጠቆረ ሽማግሌ፣ ጢሙ እስከ እምብርቱ ቢደርስም፣ አንዲት ቃል አይናገርም። እንግዳ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል፤ ሽበታም ሽማግሌ እንደ ሕፃን ምላሱን አውጥቶ ማየት በእርግጥም ያስቃል። የሰፈሩ ሰው ግን አይስቅም። ለምን እንደማይስቅ ሲጠየቁ አዛውንቶቹ የሚናገሩት ታሪክ እንዲህ ነው።

ዘመኑ የየትኛው ንጉሥ እንደነበረ የሚያስታውስ የለም፤ የአንበጣው ዓመት ብቻ ይሉታል። አንበጣው በጥቅምት መጥቶ ጤፉን ከነአገዳው እንደጨረሰው፣ የበልጉ ዝናብም እንደቀረ፣ ከብቱ በየሜዳው ከመውደቁ ብዛት አሞራ እንኳ ጠግቦ እንደተወው ይነገራል። ግንቦት ሲገባ ከየቤቱ ሬሳ ይወጣ ጀመር። ቀባሪው ራሱ በምርኩዝ የሚሄድ ስለነበረ የሚቆፈረው ጉድጓድ ከጉልበት አያልፍም ነበር። በዚያ ዓመት ፍሬ የያዙት ሥራቸውን ምንጩ ውስጥ የነከሩት ሰባቱ ዶቅማዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም፣ እግዜር አዝኖ ይሁን ሊፈትናቸው ፈልጎ፣ እንደዚያ ዓመት አፍርተው አያውቁም ይባላል።

የሰፈሩ ጭቃ ሹም ጎሹ የሚባል ሰው ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእናቱ ከእማማ ደብሪቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ነው። ዝናው በፍርዱ ነበር። አንድ ጊዜ በድንበር ክርክር በገዛ ወንድሙ ላይ ፈርዶ መሬቱን ለጎረቤት አሳልፎ ስለሰጠ አገሩ ሁሉ «ጎሹ ዘመድ የለውም» ይል ነበር፤ ይህ ደግሞ ሙገሳ እንጂ ስድብ አልነበረም። ጎሹም ሙገሳውን ይወደው ነበር። በገበያ መንገድ ሲያልፍ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ከሰማ እርምጃውን ያዘገይ ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ይተርቡታል።

ዶቅማው ገና አረንጓዴ ሳለ ጎሹ ሰፈሩን ሰበሰበ። ባለፉት ክፉ ዓመታት ሰው ጥሬውን እየሸመጠጠ ሆዱን ከማሳመም በቀር የተጠቀመው ነገር እንዳልነበረ አስታወሳቸው። ዘንድሮ ግን እስከ ሰኔ ሚካኤል ማንም እንዳይነካው፣ በስሎ የሚወድቀውም እየተለቀመ በሰሌን ላይ እንዲደርቅ፣ በሚካኤል ዕለት ለየቤቱ በእኩል እንዲታደል፣ በዚያም ዝናብ ጥሎ ጎመኑና ሳማው እስኪበቅል ነፍስ እንዲያዝበት አሳሰበ። የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ። ግዝቱን ጥሶ የተገኘ ከድርሻው እንዲሰረዝ፣ እሳት እንዳይሰጠው፣ ውሃ እንዳይቀዳለት፣ አፍ ለአፍም እንዳያናግሩት ተባለ። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ቅጣት ሞት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ሁሉም እጁን አንስቶ «ይሁን» አለ።

ጠባቂ ማቆም አይቻልም ነበር፤ ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል ተባለ። ስለዚህ ጎሹ ሌላ ዘዴ አመጣ። በየዕለቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሰፈሩ ሰው ሁሉ በምንጩ አጠገብ እየተሰለፈ ምላሱን ያሳየዋል፤ ዶቅማ ራሷ ትመሰክራለች። ዘዴው ሁሉንም አስደሰተ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በዕድሜ ከጎሹ በላይ የሆኑ ስድስት አዛውንት በሰፈሩ ነበሩ፣ ከእነሱም አንዷ የገዛ እናቱ ናቸው። የወለደን ሰው «ምላስሽን አውጪ» ማለት ነውር ነው ተባለና ስድስቱ ከሰልፉ ቀሩ። ይህን የተቃወመ ማንም አልነበረም። እንዲያውም ጨዋነት ነው ተብሎ ተመሰገነ።

በዚያ ሰፈር ትርንጎ የምትባል መበለት ነበረች። የበረሃ ልጅ ናት፤ ባሏ ከወንዙ ማዶ አግብቷት ካመጣት በኋላ በንዳድ ሞቶ፣ አንጓች ከምትባል የሦስት ዓመት ልጇ ጋር ትቶአት ነበር። ወገኖቿ በአንበጣው ተሰደው የት እንደደረሱ አይታወቅም። ደገኛው ሰፈር አልጠላትም፣ ግን አልለመዳትም፤ ንግግሯ ትንሽ ይለያል፣ ገደሉንም አትፈራም ነበር። ለዶቅማ አፋፍ ሰው ገደሉ የንዳድና የነብር አገር ነው፤ ወርዶ የሚመለሰው ለግዴታ ብቻ ነው። ትርንጎ ግን ለእንጨት ስትወርድ፣ ሥር ስትቆፍር፣ አንዳንዴም ልጇን አዝላ ስትወጣ ትታይ ነበር።

ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጎሹ በማለዳ ዛፎቹን ሲዞር ከሰባቱ የአንዱ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ተራቁቶ አገኘው። የበሰለው ሁሉ ተለቅሟል፤ ከሥሩም የተተፋ ዘር አልተገኘም። የበላው ሰው ዘሩን ሳይተፋ ውጦታል ማለት ነው። ጎሹ ተናዶ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር። ምን ሆነሽ ነው አላቸው። ጥርሴን ነው አሉት። ከነጠላው ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የምታህል ወይን ጠጅ ቀለም አየ። የቅጠል ጭማቂ ይሆናል አለ በልቡ፤ ምን ቅጠል እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም። አንዳንድ ተራኪዎች ጎሹ ያን ጊዜ ምንም አልገባውም ይላሉ። የሚበዙት ግን ገብቶታል፣ ገብቶትም ፊቱን ወደ በሬው ቀንበር አዞረ ይላሉ፤ በሬ እንኳ አልነበረውም፣ ቀንበሩ ብቻ ነበር የቀረው።

በዚያው ቀን ሰልፍ ትርንጎ ተራዋ ሲደርስ ያለ ሥጋት ምላሷን አወጣች። ጥቁር ነበር። የልጇም ጥቁር ነበር።

 ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ትርንጎ የበላችው ዶቅማ ሳይሆን አጋም መሆኑን፣ እሱም ከበረሃው ውስጥ ውሃ ከሚያንጠባጥብ ዋሻ ሥር ከሚገኝ አንድ ቁጥቋጦ የተለቀመ መሆኑን ተናገረች። አጋምም እንደ ዶቅማ ምላስ ያጠቁራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በደጋው አጋም የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ አሁን ገና ሰኔ አልገባም። በግንቦት አጋም በላሁ ማለት በጥምቀት እሸት በላሁ እንደማለት ሆነባቸው። በረሃው ሞቃት ነው፣ ዋሻው እርጥብ ነው፣ ቁጥቋጦው በገዛ ጊዜው ያፈራል ብትል ማን ይመናት። ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም አሏት። ፍሬው ጥቂት እፍኝ ብቻ ስለነበረ፣ ለልጄ ስለሆነ ነው አለች፤ ይህም እውነት ስለነበረ የባሰ አስጠላት።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ነገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቃል በቃል ያውቀዋል ይባላል።

«አያ ጎሹ፣ አንድ ሰው አብሮኝ ይውረድ። ቁጥቋጦውን ላሳየው። ከሌለ እዚያው ጥሎኝ ይምጣ።»

ጎሹ ወንዶቹን አየ። ወንዶቹ መሬት አዩ። ቁልቁለቱ ግማሽ ቀን ነው፣ ዳገቱ ከዚያ ይበልጣል፤ በባዶ ሆድ ወርዶ ለመውጣት ጉልበት ያለው ከአምስት ሰው በላይ አልነበረም። ከአምስቱ አንዱ ራሱ ጎሹ ነበር። ይህንንም ያውቅ ነበር። ግን ወርዶ ቁጥቋጦውን ካገኘው ምን እንደሚከተል ደግሞ ያውቅ ነበር፤ ትርንጎ ነጻ ትወጣለች፣ ቅርንጫፉን ማን አራቆተው የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሳል፣ ስድስቱ አዛውንትም ወደ ሰልፉ ይጠራሉ። የእናቱ ነጠላ ጠርዝ ዓይኑ ላይ መጣበት። ዘመድ የለውም የተባለው ሰው ያን ዕለት ዘመድ ነበረው።

«ምላስሽ መስክሮብሻል፤ ከእሱ በላይ ምስክር የት ይገኛል» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ትርንጎ አልተራገመችም፣ አላለቀሰችም። ልጄም ተገዝታለች ወይ ብላ ቄሱን ብቻ ጠየቀች። ቄሱ ሕፃን አትገዘትም አሉ። እንግዲያው ማን ይይዛታል ሲባል ሁሉም የየራሱን ልጅ አሰበ። በመጨረሻ ከሰልፍ የቀሩት አዛውንት ከተቀመጡበት እማማ ደብሪቱ ተነሱ፤ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ እንደያዙ መጥተው የአንጓችን እጅ ጨብጠው ወሰዷት። የጎሹ እናት እንዲህ ናቸው ብሎ ሰዉ አደነቀ። ጎሹ ግን ያን አድናቆት ሲሰማ እርምጃውን አላዘገየም፤ ቶሎ ቶሎ ብሎ ሄደ ይባላል።

ትርንጎ ሁለት ቀን ያለ እሳት አፋፉ ላይ ተቀመጠች። ሰዎች በሩቁ ያልፉ ነበር። አንዲት ጎረቤቷ የነበረች ሴት ውሃ በቅል ይዛ እስከ መንገዱ ግማሽ ድረስ ሄዳ እንደተመለሰች፣ ያን ቅል ዕድሜዋን ሙሉ እንዳልተጠቀመችበት ይነገራል። በሦስተኛው ማለዳ ትርንጎ ተነስታ ወደ ጎሹ ደጅ ቀረብ አለችና ከሩቅ ቆማ፣ «እማማ፣ ልጄን ለጥቂት ቀን ያዙልኝ፤ አጋሙን ለቅሜ አምጥቼ አሳያቸዋለሁ» አለች። እማማ ደብሪቱ ግዝቱ መናገርን ስለከለከለ መልስ አልሰጡም። እጃቸውን ብቻ አነሱ። ትርንጎም ልጇ እንዳታያት በቤቱ ጀርባ ዞራ ወደ ገደሉ ወረደች።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሦስት ቀን አለፈ፣ አምስት ቀን አለፈ። ወንዙን ተሻግራ ሄዳለች ያለ ነበር፤ ነብር በልቷታል ያለም ነበር። አንጓች በየጠዋቱ እናቴ መቼ ትመጣለች እያለች እማማ ደብሪቱን ትጠይቅ ነበር፤ እሳቸውም የደረቀ ሳማ አጥሚታቸውን ለሕፃኗ እየሰጡ ራሳቸው ሳይቀምሱ በማጀቱ ጥግ ተጠቅልለው ይተኙ ነበር። ጎሹ እናቱ እየመነመኑ እንደሄዱ አየ። ብይ እያለ ለመናቸው። እሱን ቀና ብለው አይተው «እኔ በልቻለሁ» አሉት። ምን ማለታቸው እንደነበረ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ጎሹም ያን ቀን ሙሉ ከቤት ወጥቶ ሰሌኑ ላይ የሚደርቀውን ዶቅማ ሲያገላብጥ ዋለ።

በሰኔ አሥራ አንድ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ከአፋፉ ሥር አሞራ ሲዞር ታየ። ሁለት ሰዎች ሄደው አዩ። ትርንጎን ያገኟት ሩቅ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ቤት ሁለት የድንጋይ ውርወራ በማይሞላ ቦታ፣ ከዳገቱ መጨረሻ ላይ፣ ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሰውነቷ ገና አልቀዘቀዘም ነበር የሚሉ አሉ። ቀና ብላ ቢሆን የቤቶቹን ጣሪያ ታየው ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ላይ አጥብቃ የቋጠረችው ነገር ነበር፤ እጇ ቋጠሮውን ስለጨበጠ ሊያላቅቁት ብዙ ደከሙ።

ሬሳዋን አምጥተው ከምንጩ አጠገብ አኖሩት። ሞት ግዝቱን ይፈታል ብለው ቄሱ ፈቱ። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ጎሹ ቋጠሮውን በገዛ እጁ እንዲፈታው ተደረገ። አጋም ነበር። ጥቁር፣ የበሰለ፣ ገሚሱ የተጨማደደ፣ ከእሾሁና ከቅጠሉ ጋር የተቀነጠሰ ሦስት እፍኝ የሚሆን አጋም። ቅጠሉን ያመጣችው ዶቅማ ነው እንዳይሏት መሆኑን ሁሉም ተረዳ።

ይህን ሁሉ ምግብ ይዛ በረሃብ ሞተች ማለት ነው ሲል አንዱ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ የሟቿን አፍ ከፈተች። ምላሷ ነጭ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ ከቋጠሮው አንዲት ፍሬ አውጥታ አፏ ውስጥ ብትጨምር ትደርስ ነበር። ግን ጥቁር ምላስ ይዛ ብትመጣ ማን ያምናታል? የሰፈሩን ፍርድ ስለፈራች አልበላችም። ይህን ከሚተርኩት አዛውንቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ የሚያለቅሱ አሉ፣ ማልቀሳቸውንም አይደብቁም።

ጎሹ አጋሙን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሕዝቡ መንገድ ሲከፍት ያየው እናቱ አንጓችን በእጃቸው ይዘው ሲመጡ ነበር። ጥርሴን ነው ካሉበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላው ከአፋቸው ወርዶ ነበር።

«ጎሹ፣ ዶቅማውን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «አንተም ያን ቀን አይተኸኛል።»

ሊክድ ይችል ነበር። አሮጊት ናቸው፣ ርቧቸዋል፣ ይቃዣሉ ቢል የሚያምነው ሰው አያጣም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ እንዲክድላቸው በዓይናቸው ይለምኑት እንደነበረ ይነገራል። ሬሳውን አየ፣ ሕፃኗን አየ፣ እናቱን አየ።

«አይቻለሁ» አለ።

ያን ጊዜ የሆነው ነገር ከሁሉ የሚያሳፍር ነው ይላሉ። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ ስለ እማማ ደብሪቱ ምሕረት ይለምን ጀመር። አርጅተዋል፣ ርቧቸው ነው፣ ሕፃኗንም አስጠግተዋል፣ የጭቃ ሹሙ እናት ናቸው ተባለ። ትርንጎ አንድ ሰው ቁልቁል እንዲወርድላት ለምና አላገኘችም፤ ለእማማ ደብሪቱ ሠላሳ ሰው ቆመላቸው። ጎሹ ሁሉንም አዳመጠ። ከዚያ ወደ ቅርቡ ዛፍ ሄዶ ከቅርንጫፉ አንዲት ዶቅማ ቀጠፈና፣ ሚካኤል ገና አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ እያየው በላት። ዞሮም ምላሱን አሳያቸው።

ፍርዱን እሱ ራሱ እንዳወጣው፣ እሱንም እናቱንም እንደማያልፍ ተናገረ። የሹመት በትሩን ሬሳው አጠገብ አጋደመው። እናቱን በጀርባው አዘላቸው፤ ከመክሳታቸው የተነሳ ከአንድ ነዶ አይከብዱም ነበር ይባላል። እሳት አልያዘም፣ ውሃ አልያዘም። ትርንጎ በወጣችበት መንገድ ቁልቁል ወረደ። እማማ ደብሪቱ በትከሻው ላይ ዞር ብለው ሕፃኗን እስኪሰወሩ ድረስ ያዩ ነበር። ወንዙን ተሻግረው በማዶ ኖሩ የሚል አለ፣ ከመጀመሪያው ጥምዝ አላለፉም የሚልም አለ። እርግጡን የሚያውቅ የለም፤ ሊያያቸው የወረደ ሰው አልነበረምና።

በማግስቱ የሚካኤል ዕለት ትርንጎን ቀበሩ፤ በዚያ ዓመት ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ሁሉ ጥልቁን ቆፈሩላት። ከቀብር መልስ ዶቅማው ታደለ። ሰው መብላት ነበረበት፣ በላም። እርስ በርሱ ሲተያይ የሁሉም አፍ ጥቁር ነበር፤ ቀና ብሎ የሚናገርም አልነበረም። ለአንጓች የእሷንና የእናቷን ድርሻ ደርበው በቅል ሰጧት። ሕፃኗ ግን ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለች። ምላሷ ስለጠቆረ እናቷን እንዳጣች በልጅ ልቧ ይዛው ነበር። አባበሏት፣ ተቆጧት፣ አፏን ሊከፍቱ ሞከሩ፣ አልሆነም።

ጎሹን እንዲተካ የተመረጠው ሽማግሌ ከፊቷ ተንበርክኮ እንድትቀምስ ይለምናት ጀመር። ሕፃኗ ጥቂት አየችው። ከዚያ ከቅሉ አንዲት ዶቅማ አንስታ በእሱ አፍ ጨመረችበት። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ዋጠው። አንጓችም በየዕለቱ በሰልፉ ስትሰማ የነበረውን ቃል ተናገረች።

«ምላስህን አሳየኝ።»

ሽማግሌው እንደተንበረከከ ምላሱን አሳያት። ረጅም ጊዜ እያየችው ቆየች ይባላል፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም፣ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ዓመት ወዲህ በዶቅማ አፋፍ በዚህ ዓይነት ምላሱን ሳያሳይ የፈረደ ዳኛ የለም። ተከሳሽ በረሃ ውስጥ ምስክር አለኝ ካለም፣ ምስክሩ ሰው ይሁን ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ፣ ከዳኞቹ በዕድሜ የሚበልጠው ራሱ በትሩን ይዞ ይወርዳል። በዳገቱ ላይ የወደቁ ዳኞች እንዳሉም ይነገራል፤ ይህ ግን ልማዱን አላስቀረውም።

ዳኞቹን የምታጎርሰው ሴት እስከ ዛሬ የምትመረጠው ከአንጓች ዘር ነው፤ የትርንጎ ወገን ይሏቸዋል። ቅሉ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንዳንዷ ዳኛው ምላሱን ካወጣ በኋላ በቃ እስክትለው ድረስ ታቆየዋለች፣ ዳኛውም ይጠብቃል። ከዚያ ወገን የሆነ ሰው ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢርበው፣ ዶቅማ ቀምሶ አያውቅም። ሴትዮዋ ሥራዋን ስትጨርስ በጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም እንኳ አትልሰውም፤ በሣር ጠርጋው ከሴቶቹ መካከል ትቀመጣለች፣ ችሎቱም ይጀመራል።